የመኪናዎ ውኃ የት እየሄደ ነው? በአሮጌ ሞተር ላይ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጉደልንና የሙቀት ጉዳትን ለይቶ ማወቅ

የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚዘዋወረው በተዘጋ መስመር ውስጥ ነው። እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ እንደ ሞተር ዘይትም በሥራ ብዛት ቀስ በቀስ አይጎድልም። ስለዚህ በጤነኛ መኪና ላይ የፈሳሹ መጠን ከወር እስከ ወር ብዙም መለወጥ የለበትም። ይሁን እንጂ በየሁለት ሳምንቱ ኮፈን ከፍቶ ውኃ መጨመርን እንደ ተራ እንክብካቤ የሚቆጥሩ ባለ መኪናዎች ጥቂት አይደሉም። «መኪናዬ ትንሽ ውኃ ትጠጣለች» ሲባልም ይሰማል። መኪና ውኃ አትጠጣም። የጎደለው ፈሳሽ በአንድ ቀዳዳ ወጥቷል፤ ያ ቀዳዳም ብዙውን ጊዜ ዛሬ ካለበት ነገ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ከአገር ርቀው ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩ ቀላል አይደለም። አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ መኪና ለብዙዎች በስደት አገር ያፈሩት የመጀመሪያ ንብረት ነው፤ ታክሲ ለሚነዱና ዕቃ ለሚያደርሱ ደግሞ የእንጀራ ገመዳቸው ነው። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ መቀየር ብዙ ጊዜ የማይፈጅ፣ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቅ ሥራ ነው። በዚያው ቱቦ ሰበብ የተጣመመ የሞተር ክፍልን መጠገን ግን አንዳንድ ጊዜ የመኪናውን ዋጋ ያህል ወጪ ያስከትላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ፈሳሹ የሄደበትን መንገድ በጊዜ ማወቅ፣ ሁለተኛው የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀዩ መስመር ሲያመራ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚወሰድ ውሳኔ።

ሞተር ለምን መቀዝቀዝ ያስፈልገዋል?

በሲሊንደር ውስጥ ነዳጅና አየር ሲቀጣጠሉ የጋዙ ሙቀት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። በአንጻሩ አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩ ሳይቀልጥ የሚሠራው ሙቀቱ ያለማቋረጥ ስለሚወሰድለት ብቻ ነው። በጥቅሉ ሲሰላ፣ ከቤንዚኑ ኃይል ሲሶ ያህሉ መኪናውን ለማንቀሳቀስ ይውላል፤ ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የተቀረው ደግሞ በአብዛኛው በማቀዝቀዣው ፈሳሽ ተሸካሚነት ወደ ራዲያተር ሄዶ ለአየር ይለቀቃል።

ይህን ሥራ የሚሠሩት ክፍሎች ጥቂት ናቸው። የውኃ ፓምፑ ፈሳሹን በሞኖብሎኩ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን በያዘው የሞተሩ ዋና አካል፣ ውስጥ እንዲዘዋወር ይገፋዋል። ከዚያም ፈሳሹ መካኒኮች ቴስታታ ወደሚሉት፣ ቫልቮችን ወደያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል ያልፋል። በሁለቱ መካከል ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ ማሸጊያ ተነጥፏል። ይህ ማሸጊያ የሚቃጠለውን ጋዝ፣ ዘይቱንና ውኃውን እርስ በርስ እንዳይገናኙ ለያይቶ የሚይዝ ነው። ቴርሞስታት ደግሞ በውስጡ ባለው ሰም መቅለጥ የሚሠራ ትንሽ በር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ተከፍቶ የሞቀውን ፈሳሽ ወደ ራዲያተሩ ይለቃል።

ፈሳሹ ተራ ውኃ አይደለም። በተለመደው አሠራር ግማሹ የተጣራ ውኃ፣ ግማሹ ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ሲሆን፣ ዝገትን የሚከላከሉ ቅመሞችም ይጨመሩበታል። ይህ ድብልቅ እስከ ዜሮ በታች 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም፤ የመፍያ ነጥቡም ከውኃ ከፍ ያለ ነው። የዝገት መከላከያው ግን በጊዜ ብዛት ይዳከማል። ለዓመታት ሳይቀየር የቆየ ፈሳሽ፣ ወይም በተደጋጋሚ የቧንቧ ውኃ የተጨመረበት መስመር፣ በውስጡ ዝገትና የኖራ ቅርፊት ያበጃል። ቅርፊቱም የራዲያተሩን ጠባብ ቱቦዎች ይደፍናል።

ግፊት፣ ከፍታና የራዲያተር ክዳን

በማቀዝቀዣው መስመር ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ እንደ ራዲያተር ክዳን የሚናቅ የለም። ክዳኑ ግን ከመክደን ያለፈ ሥራ አለው። በውስጡ ያለው ስፕሪንግ ፈሳሹ በግፊት እንዲያዝ ያደርጋል፤ ብዙ ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ የሚገኘው ይህን ግፊት በባር ለማመልከት ነው። ግፊት በጨመረ ቁጥር ውኃ ለመፍላት የሚያስፈልገው ሙቀት ይጨምራል። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፣ በ0.9 ባር ክዳን ሲታፈን እስከ 119 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል።

ከፍታ ይህን ስሌት ይለውጠዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባትና 1,600 ሜትር ከፍታ ባላት ዴንቨር ደግሞ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ የክዳኑ ላስቲክ አርጅቶ ግፊት መያዝ ቢያቅተውና በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ብቻ ቢሆን፣ አዲስ አበባ ላይ በቴርሞስታቱ መከፈቻና በመፍያው ነጥብ መካከል የሚቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። የዓባይን በረሃ ወርዶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ደጀን የሚወጣ አሮጌ መኪና አቀበቱ ላይ ቢፈላ የሚገርም አይደለም። መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ነገር ግን በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ ነው፤ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ አነስተኛ ነው፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥርም አየሩ እየሳሳ፣ የመፍያው ነጥብ እየወረደ ይሄዳል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ራዲያተር ሙቀትን የሚያስወግደው ፈሳሹ ከአካባቢው አየር በሚበልጥበት የሙቀት ልዩነት መጠን ነው። ፈሳሹ 90 ዲግሪ፣ አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ 70 ነው። አየሩ 48 ዲግሪ ሲደርስ ግን ልዩነቱ ወደ 42 ይወርዳል፤ ያው ራዲያተር ቀድሞ ከሚሠራው ሥራ 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሠራል ማለት ነው። በመለስተኛ የአየር ጠባይ ላይ ተደብቆ የቆየ የራዲያተር መደፈን በዱባይ ወይም በሪያድ ክረምት ሳይሆን በጋው ላይ የሚገለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈሳሹ የሚወጣባቸው ሦስት መንገዶች

የጎደለ ፈሳሽ የሚሄደው ከሦስቱ በአንዱ ነው፤ ወደ ውጭ ፈስሷል፣ ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል፣ ወይም በክዳኑ በኩል ተተፍቷል። ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ለማወቅ ቀላሉ ወደ ውጭ የሚፈሰው ነው። ማታ መኪናው በሚቆምበት ቦታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፎ ጠዋት መመልከት በቂ ነው። ቀለም የሌለው፣ ሽታ የሌለው ውኃ ከተሳፋሪው እግር ሥር አካባቢ ቢንጠባጠብ ከኤሲው የወጣ ጤዛ ስለሆነ አያሳስብም። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ቀለም ያለው፣ በጣት ሲነካ የሚያንሸራትትና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ግን የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ መርዝ ስለሆነ በጭራሽ መቀመስ የለበትም። ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ሕፃናትና የቤት እንስሳት ሊልሱት ይችላሉ፤ ጥቂቱ እንኳ ኩላሊትን እስከ መጉዳትና ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። መሬት ላይ የፈሰሰ ወዲያው መጠረግና መታጠብ፣ የተረፈውም በተዘጋ ዕቃ ርቆ መቀመጥ ይገባዋል።

ካርቶኑ ደረቅ ቢያድር ግን ፍሳሽ የለም ማለት አይደለም። በሞቀ ብረት ላይ የሚያርፍ ጠብታ መሬት ሳይደርስ ይተናል፤ የሚቀረው ነጭ ወይም ፈሳሹን የመሰለ ቀለም ያለው የደረቀ ቅርፊት ነው። ይህ ቅርፊት የሚፈለግባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ የጎማ ቱቦዎቹ የታሰሩበት ጫፍ፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ ጋር የተገናኘበት ስፌት፣ እንዲሁም ከውኃ ፓምፑ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ። ይቺ ቀዳዳ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። የፓምፑ ውስጣዊ ማሸጊያ ሲያረጅ ፈሳሹ በእርሷ እንዲወጣ በማድረግ አስቀድማ ታስጠነቅቃለች። የመኪናው መስታወት ከውስጥ በቅባታማ ጉም ከተሸፈነ፣ ጣፋጭ ሽታ ካለና ከፊት ያለው ምንጣፍ ከረጠበ ደግሞ የሚያፈሰው ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው።

አንዳንድ ሞተሮች ደግሞ የራሳቸው የታወቀ ድካም አላቸው። ለምሳሌ በብዙ ወገኖቻችን እጅ የሚገኘው የቶዮታ ካምሪ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር፣ በተለይ ከ2002 እስከ 2006 በተሠሩት ላይ፣ ቴስታታውን የሚይዙት የኋለኛው ረድፍ ቡሎኖች የሚገቡበት የአሉሚኒየም ጥርስ ይላላል። ያኔ ፈሳሹ በሞተሩ ጀርባ፣ ዓይን በማያይበት በኩል ይወርዳል። ከፊት የሚታየው ሁሉ ደረቅ ሆኖ ውኃው እየጎደለ ከሄደ፣ በመስታወትና በባትሪ ብርሃን የሞተሩን ጀርባ ማየት ተገቢ ነው።

በዓይን የማይገኘውን ፍሳሽ ለማግኘት መካኒኮች የእጅ ፓምፕ ይጠቀማሉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ፓምፑን በክዳኑ ቦታ ያስሩና ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ይነፉታል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ግፊቱ ካልወረደ ወደ ውጭ የሚያፈስ ነገር አለመኖሩ ከሞላ ጎደል ይረጋገጣል። ከወረደና ውጭው ደረቅ ከሆነ ግን ፈሳሹ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ክዳኑም በዚሁ መሣሪያ ተለይቶ ይመረመራል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የላይኛው ቱቦ ተጨማዶ ቢገኝ፣ ከትርፍ ማጠራቀሚያው ፈሳሽ መልሳ የምታስገባው የክዳኑ ትንሽ ቫልቭ ተጣብቃለች ማለት ነው። እንዲህ ያለው ክዳን ርካሽ ስለሆነ ያለ ብዙ ማሰብ መቀየር ይሻላል።

ወደ ውስጥ የሚገባ ፈሳሽና ምርመራዎቹ

ሁለተኛው መንገድ ከባድ ነው። ጓርኒሲዮኑ ሲቃጠል ወይም ቴስታታው ሲሰነጠቅ ውኃው ወደ ሲሊንደር ወይም ወደ ዘይት ይገባል፤ የሚቃጠለው ጋዝም በተራው ወደ ውኃው ይገባል። ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ያሳስታሉ።

ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ነጭ ጭስ አንዱ ነው። በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ክረምት ማንኛውም መኪና ጠዋት ሲነሳ ነጭ እንፋሎት ያወጣል፤ ይህ ደቂቃዎች ቆይቶ የሚጠፋ ጤዛ ነው። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላም የማይቋረጥ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን ፈሳሹ እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየው ወተት መሰል አረፋም እንዲሁ ነው። በብርድ አገር አጫጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ ይህ አረፋ ከጤዛ ሊመጣ ይችላል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ቡና በወተት ከመሰለና መጠኑ ከጨመረ ግን ውኃ ገብቶበታል። እንዲህ ባለ ዘይት ሞተሩን ማስነሳት እንኳ አይገባም።

ከእነዚህ ይልቅ የሚታመኑ ምልክቶች አሉ። ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሮ በተነሳ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ግፊቱ ከሙቀት የመጣ ሊሆን አይችልም። ሙቀት ለዚህ ገና ጊዜ አላገኘም፤ የጋዝ ግፊት ነው። ካንዴላዎቹ ተፈትተው ሲታዩ ሦስቱ ቡናማ፣ አንዱ ግን እንደ ታጠበ ነጥቶ ከተገኘ፣ በዚያ ሲሊንደር ውኃ ይገባል። የሁሉም ዳኛ ደግሞ የኬሚካል ምርመራው ነው። ሰማያዊ ቀለም ያለው ፈሳሽ በያዘ ብልቃጥ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር እንዲያልፍ ይደረጋል። በአየሩ ውስጥ የተቃጠለ ጋዝ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካለ ሰማያዊው በቤንዚን ሞተር ላይ ወደ ቢጫ ይለወጣል። መሣሪያው በመለዋወጫ ሱቆች የሚገኝና ብዙ ዋጋ የማይጠየቅበት ነው። ጋራዥ ውስጥ «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ሲባሉ «በምን ምርመራ ታወቀ?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ይህ ምርመራ ሳይደረግ ሞተር እንዲፈታ መፍቀድ ተገቢ አይደለም።

ራዲያተራቸው ውስጥ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ያላቸው መኪናዎች አንድ ተጨማሪ መንገድ አላቸው። የውስጡ ማቀዝቀዣ ከተሰነጠቀ ውኃውና የካምቢዮው ዘይት ተደባልቀው ሮዝ ወተት ይመስላሉ። ይህ ሲታይ መኪናውን መንዳት ወዲያው ካልቆመ ካምቢዮውም አብሮ ይበላሻል።

ሙቀቱ የሚጨምርበት ሁኔታ ምን ይናገራል?

መኪናው መቼ እንደሚሞቅ ማስተዋል ከማንኛውም መሣሪያ ባልተናነሰ ይረዳል። በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ ሲሞቅ፣ በፍጥነት ሲነዳ ግን የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማራገቢያው ነው፤ ሞተሩ አይዞርም፣ ፊውዙ ተቃጥሏል ወይም የሙቀት ማብሪያው አይሠራም። በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ደኅና ሆኖ በአውራ ጎዳና ፍጥነት የሚሞቅ ከሆነ የሚጠረጠረው የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ፓምፕ ወይም በመምጠጥ ኃይል የሚጨመደደው የታችኛው ቱቦ ነው። ከተነሳ ጥቂት ቆይቶ በፍጥነት የሚሞቅ፣ የላይኛው ቱቦው እያቃጠለ የታችኛው ቀዝቃዛ የሆነ መኪና ደግሞ ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ቀርቷል። የሙቀት ጠቋሚው ከፍ ብሎ ሳለ የመኪናው ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ፈሳሹ እጅግ ጎድሏል፤ ወደ ማሞቂያው የሚደርስ ውኃ የለም።

ጠቋሚው ራሱ ሁልጊዜ አይታመንም። በብዙ መኪናዎች ላይ ቀስቱ መካከል ላይ ቆሞ እንዲታይ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ ሙቀቱ ከ80 ወደ 100 ዲግሪ ሲወጣ እንኳ ላይነቃነቅ ይችላል። ቀስቱ መውጣት ሲጀምር ነገሩ ገፍቷል ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፈሳሹ ፈጽሞ ሲያልቅ የሚሆነው ነው። የሙቀት መለኪያው ውኃ ውስጥ እንዲጠልቅ የተሠራ ስለሆነ፣ ውኃው ሲርቀው ቀስቱ ወደ ቀዝቃዛው ሊመለስ ይችላል። ባለ መኪናው «ተመስገን፣ ቀዘቀዘ» ሲል ሞተሩ ደርቆ እየተቃጠለ ነው። በአሜሪካ ከ1996 ወዲህ ለገበያ የቀረቡ መኪናዎች፣ በአውሮፓም ከ2001 ወዲህ የወጡ የቤንዚን መኪናዎች ኦቢዲ የተባለ የምርመራ መሰኪያ አላቸው። በዚህ መሰኪያ ላይ በሚሰካ አነስተኛ ማንበቢያ ትክክለኛውን ዲግሪ በስልክ ላይ ማየት ይቻላል፤ አሮጌ መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ጥሩ ግዢ ነው።

ሙቀት በብረቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ውኃ ሲፈላ በቴስታታው ውስጥ፣ በተለይ የተቃጠለው ጋዝ በሚወጣባቸው ቫልቮች ዙሪያ፣ እንፋሎት ይጠራቀማል። እንፋሎት ሙቀትን ከብረት ላይ የማንሣት አቅሙ ከውኃ እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ እነዚያ ቦታዎች ከሌላው ክፍል ተለይተው ይግላሉ። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ሞኖብሎኩ ግን ብረት ነው። አሉሚኒየም ለአንድ ዓይነት የሙቀት ጭማሪ ከብረቱ ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢጨምር ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ መርዘም ይፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ግን ግማሹን ያህል ብቻ ይረዝማል። ቡሎኖቹ አጥብቀው ስለያዙት ወደ ጎን መሄጃ ያጣው አሉሚኒየም ይጎብጣል፤ ጓርኒሲዮኑንም ይጨፈልቀዋል። ሲቀዘቅዝ የተጨፈለቀው ማሸጊያ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ከዚህ በኋላ ጋዝና ውኃ መንገድ ያገኛሉ።

የሚፈቀደው ስሕተት በጣም ትንሽ ነው። የብዙ ሞተሮች የፋብሪካ መመሪያ የቴስታታው ፊት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ካለው በላይ መጣመም እንደሌለበት ያዝዛል፤ ይህ የአንድ ጸጉር ውፍረት ያህል መሆኑ ነው። በዓይን ቀጥ ብሎ የሚታይ ቴስታታ ከዚህ አልፎ የተጣመመ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያና ውፍረታቸው በተለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች መለካት ግዴታ ነው።

ጉዳቱ በቴስታታው አያበቃም። የሞተር ዘይት ሲግል ይቀጥናል፤ በሚሽከረከሩት ክፍሎች መካከል ያለው የዘይት ሽፋንም ይሳሳል። አሉሚኒየም የሆነው ፒስቶን ከሲሊንደሩ ይልቅ ስለሚለጠጥ ግድግዳውን ይፍቃል፤ የፒስቶኑ ቀለበቶችም የመወጠር ኃይላቸውን ያጣሉ። ጓርኒሲዮን ከተቀየረ በኋላ ሞተሩ ዘይት መብላት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። ለረጅም ጊዜ የተቃጠለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽም በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ያሉትን የኦክስጅን መለኪያዎችና የጭስ ማጣሪያውን ይበክላል።

ቀስቱ ሲወጣ የሚደረገው

ሞተሩ መሞቁ እንደታወቀ ኤሲውን ማጥፋት፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት ያስፈልጋል። በበጋ ይህ አያመችም፤ ነገር ግን ማሞቂያው እንደ ሁለተኛ ራዲያተር ሆኖ ሙቀት ይወስዳል። ከዚያም ለደኅንነት በሚያመች የመጀመሪያ ቦታ ጥግ ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። «ቤት ለመድረስ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀርቶኛል» የሚለው ሐሳብ ከራዲያተር ፍሳሽ የበለጠ ሞተር ገድሏል።

የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ መከፈት የለበትም። ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ በግፊት ብቻ ሳይፈላ የቆየው ውኃ ክዳኑ በተነሳ ቅጽበት በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ ፊትንና እጅንም ክፉኛ ያቃጥላል። ቱቦው በእጅ ሲያዝ የማያቃጥልና ለስላሳ እስኪሆን ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ መታገሥ ይገባል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ የተጨመረው ውኃ ወዲያው ከሥር የሚወርድ ከሆነ፣ ለመኪና ማንሻ የሚከፈለው ገንዘብ ከሞተር ጥገና በብዙ የረከሰ ነው።

ከጥገና በኋላ መስመሩ ሲሞላ አየር ታፍኖ እንዳይቀር፣ ሞተሩን ከቀዝቃዛ አስነስቶ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ አረፋው እስኪቆም መጠበቅ ያስፈልጋል። አረፋው ጨርሶ የማይቆም ከሆነ የታፈነ አየር ሳይሆን የተቃጠለ ጋዝ ስለሆነ ወደ ኬሚካሉ ምርመራ መመለስ ነው። ቀዳዳ ይደፍናሉ ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾች ደግሞ ቀዳዳውን ከሌሎች ጠባብ መንገዶች ለይተው አያውቁም። ፍሳሹን ለጊዜው ቢያስቆሙም ማሞቂያውንና የራዲያተሩን ቱቦዎች አብረው ሊደፍኑ ስለሚችሉ፣ ሊቆይ ለሚፈለግ መኪና አይመከሩም።

መጠገን ወይስ መተው?

ሞተሩ አንዴ ከፈላ በኋላ ውሳኔው በግምት መሆን የለበትም። በመጀመሪያ ሲሊንደሮቹ የሚይዙት ግፊት ይለካል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ግፊታቸው አብሮ ከወረደ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ሁሉም በአንድነት ከወረዱ ግን ጉዳቱ ወደ ፒስቶኖቹ መውረዱ ያሠጋል። ቀጥሎ የዘይቱ ሁኔታ ይታያል። ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ሞተሩ በጊዜ ከጠፋና ከሥር የማንኳኳት ድምፅ ከሌለው ጥገናው ተስፋ አለው። ውኃ በተቀላቀለበት ዘይት ብዙ ከተነዳ ግን ቴስታታውን ብቻ መጠገን ብክነት ሊሆን ይችላል።

ጥገናው ከተወሰነ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይጠየቃሉ። ቴስታታው ተለክቷል ወይ? ስንጥቅ መኖር አለመኖሩስ በግፊት ተፈትሿል ወይ? ፋብሪካው አንዴ ብቻ እንዲታሰሩ ያዘዛቸው ቡሎኖች በአዲስ ይቀየራሉ ወይ? ሳይለካና ሳይላግ አዲስ ጓርኒሲዮን የለበሰ ጠማማ ቴስታታ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደዚያው ጋራዥ ይመለሳል። ከእነዚህ በላይ ደግሞ ሞተሩን ያሞቀው የመጀመሪያው ጥፋት፣ ቱቦም ይሁን ማራገቢያ፣ አብሮ ካልተጠገነ ሁሉም ከንቱ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን አባባል ለዚህ ጉዳይ ቃል በቃል ይሠራል። በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ የትርፍ ማጠራቀሚያውን ልክ አይቶ በማይለቅ ቀለም ምልክት ማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በሚቀጥለው ወር ፈሳሹ ከምልክቱ ከወረደ፣ ውኃ ጨምሮ ከመሄድ በፊት የሄደበትን መንገድ መፈለግ ይገባል።